የእድሩ መዝገብ ስልክ ውስጥ እንዴት ይገባል? አፕ መሥራትን ከዜሮ ለሚጀምር ሰው

ኮየ ፈጬ ውስጥ ስለ አፕ ሥራ የሚጠይቁኝ ወጣቶች ጥያቄያቸው ይመሳሰላል። ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ፣ ይሆንልኛል? እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አይደለም፣ እችለዋለሁ? የትኛውን ቋንቋ ልጀምር? ላፕቶፕ የለኝም፣ በስልክ ይቻላል? የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ቂሊንጦ፣ አጠገባችን ነው። ግቢው ውስጥ ላልገባ ልጅ ግን ቁጭ ብሎ እነዚህን የሚመልስለት ሰው በቀላሉ አይገኝም።

ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ። ዋናው ፈተና ግን እነሱ ውስጥ የለም። ጀማሪን የሚፈትነው በደንብ የሚያውቀውን ሥራ ምንም ሳያስቀር ዘርዝሮ መናገር ነው። ለሰው ግማሹን ብትነግሩት የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ስልክ አይሞላም። ያልተነገረውን አያደርግም፤ የተነገረውን ደግሞ ስህተት ቢሆንም ያደርጋል።

ስለዚህ በቋንቋ ምርጫ አልጀምርም። በአንድ ሥራ ልጀምር፤ በእድር መዝገብ።

ለምን እድር?

አዲስ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰው ገብቶ ጥቂት ሲቆይ እድር ይቋቋማል። ጸሐፊ ይመረጣል፣ ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፣ ትልቅ መዝገብ ይገዛል። መዝገቡ ላይ የአባላት ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የየወሩ መዋጮና ቅጣት ይጻፋል። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ጸሐፊዋ መዝገቧን ዘርግታ ትቀመጣለች፤ ሰው እየመጣ ይከፍላል።

ለመጀመሪያ አፕ ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም። ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል። ኢንተርኔት አይፈልግም። ካርታ፣ የኦንላይን ክፍያ፣ ሰርቨር (ከስልኩ ውጭ ሆኖ መረጃ የሚይዝ ኮምፒውተር) የሚባል ነገር የለውም። ብዙ ጀማሪ «እንደ ቴሌግራም ያለ» ወይም «ታክሲ መጥሪያ» ልሥራ ብሎ ይነሳል። የእነዚህ ትልቁ ክፍል ያለው ስልኩ ላይ ሳይሆን ከስልኩ ጀርባ ነው። ጀማሪው የማያየውን ክፍል ሊሠራ ይሞክርና ግራ ይገባዋል፤ ከዚያ ጉድለቱ የራሱ ይመስለውና ይተወዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የመረጠው ሥራ ነው የማይሆነው።

አፕ ውስጡ ሲታይ

ማንኛውም አፕ ውስጡ ሲታይ ሦስት ነገር አለው። አንዱ ዓይን የሚያየው ነው፦ ስክሪኑ፣ ጽሑፉ፣ በተኑ፣ መጻፊያ ሳጥኑ። ሌላው አፑ የሚያስታውሰው ነው፦ የአባላት ስም፣ ማን እንደከፈለ፣ ስንት እንደቀረበት። ሦስተኛው ሕጉ ነው፦ ይህ ሲነካ ያንን አድርግ፣ እንዲህ ከሆነ ይህን አሳይ።

ግራ የሚያጋባው ሕጉ ነው። ብዙ ሰው ፕሮግራም ከላይ ወደ ታች እየተነበበ የሚያልቅ ይመስለዋል። የመለማመጃ ትንንሽ ፕሮግራሞች በእርግጥ እንደዚያ ናቸው። አፕ ግን አብዛኛውን ጊዜውን በመጠበቅ ነው የሚያሳልፈው። ከቃሊቲ ወደ ኮየ የሚመጣ የታክሲ ሾፌር አስቡ። «ወራጅ አለ» የት ቦታ እንደሚባል አያውቅም፤ ሲባል ግን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ያውቃል፤ ዳር ይይዛል፣ ይቆማል። አፕም እንዲሁ ነው። በተኑ መቼ እንደሚነካ አያውቅም። «ከፍሏል» የሚለው በተን ሲነካ የሚያደርገውን ግን እናንተ ቀድማችሁ ጽፋችሁለታል። ያ መነካት ኢቨንት ይባላል። በኢቨንቱ የሚሠራው፣ ስም የተሰጠው የትእዛዝ ስብስብ ደግሞ ፈንክሽን ይባላል።

የሚታወሰው ነገር ቫሪያብል ውስጥ ይቀመጣል። ቫሪያብል ስም ያለው ማስቀመጫ ነው። «መዋጮ» የሚል ስም ትሰጡትና 100 ታስቀምጡበታላችሁ። እዚህ ጋ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ይጠይቃችኋል፤ የምታስቀምጡት ቁጥር ነው ወይስ ጽሑፍ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የአባላትን ስልክ ቁጥር ምን ታደርጉታላችሁ? «ቁጥር» ስለሚባል ብቻ ቁጥር ብላችሁ ብታስቀምጡት ችግር ይመጣል። የእኛ ስልክ በ09 ወይም በ07 ይጀምራል። ለኮምፒውተር ደግሞ ቁጥር ፊት ያለ ዜሮ ዋጋ ስለሌለው ይጥለዋል። የሁሉም አባል ስልክ አንድ አሃዝ ይጎድለዋል። ስልክ ቁጥር አይደመርም፣ አይቀነስም፤ ስለዚህ ጽሑፍ ነው። መዋጮ ግን ይደመራል፤ እሱ ቁጥር ነው። እንዲህ ዓይነቱን ውሳኔ ለመወሰን ከፍተኛ ሒሳብ አያስፈልግም። ነገሩን ምን እንደምናደርግበት ማወቅ ይበቃል።

ብዙ አባላት ሲኖሩ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ቫሪያብል አይሠራም። ሁሉም በአንድ ሊስት ይያዛሉ። ከዚያ «በሊስቱ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ አባል ይህን አድርግ» ይባላል፤ ይህ ሉፕ ነው። መሐሉ ላይ «ከከፈለ አረንጓዴ አሳይ፣ ካልከፈለ ቀይ አሳይ» የሚል ሁኔታ ይገባል። ቫሪያብል፣ ሊስት፣ ሁኔታ፣ ሉፕ፣ ፈንክሽን፤ በእነዚህ ብቻ የእድሩ መዝገብ ዋና ሥራ ያልቃል። ፕሮግራም ማድረግ ሲጠና ቆይቶ የሚመጣ ብዙ ሌላ ነገር አለ፤ ለመነሻ ግን ሌላ ነገር አትፈልጉ።

ጳጉሜን የት እናስገባት?

አሁን ትንሽ ከበድ ወዳለው እንግባ። ጸሐፊዋ ከአፑ የምትፈልገው ትልቁ ነገር «እኚህ ሰው የስንት ወር ይቀርባቸዋል?» ለሚለው መልስ ነው። እሷ መዝገቡን ገልጣ በጣቷ ትቆጥራለች። እኛ ለስልኩ እንዴት እንንገረው?

መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ ይህ ነው፦ አሁን ካለንበት ወር መጨረሻ የተከፈለበትን ወር እንቀንስ። አሁን ሚያዝያ ከሆነ 8ኛ ወር ነው። መጨረሻ የከፈሉት የካቲት ከሆነ 6ኛ ነው። 8 ሲቀነስ 6፣ የሁለት ወር ይቀርባቸዋል። ትክክል ነው። ሞከራችሁት፣ ሠራ፣ ደስ አላችሁ።

ዘመን ሲለወጥ ምን ይሆናል? አንድ አባል መጨረሻ የከፈሉት ነሐሴ 2017 ነው እንበል፤ 12ኛ ወር። አሁን ጥቅምት 2018 ነው፤ 2ኛ ወር። 2 ሲቀነስ 12 ኔጌቲቭ 10 ይመጣል። አፑ ሰውየው አሥር ወር አስቀድመው እንደከፈሉ ይናገራል። ማንም ኤረር (የስህተት መልእክት) አላየም፣ አፑም አልተዘጋም። ዝም ብሎ ተሳስቷል።

መፍትሔው ዓመቱንና ወሩን አንድ ላይ ወደ አንድ ተከታታይ ቁጥር መቀየር ነው። ዓመቱን በ12 አባዝቶ ወሩን መደመር። ነሐሴ 2017 ሲሰላ 24216 ይሆናል። ጥቅምት 2018 ደግሞ 24218። ልዩነቱ 2 ነው፤ መስከረምና ጥቅምት። አሁን ልክ ነው።

አሁንም ግን አላለቀም። የእኛ ዓመት 13 ወር አለው። ጸሐፊዋ አፑን ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ላይ ብትከፍተውስ? ጳጉሜን 13ኛ ወር ናት። 2017 በ12 ተባዝቶ 13 ሲደመርበት 24217 ይሆናል። የመስከረም 2018ን አስሉ፤ እሱም 24217 ነው። ሁለቱ ተጋጩ። አፑ ጳጉሜን ላይ ሆኖ መስከረም ገብቷል ይላል። አዲሱ ዓመት ሳይገባ የመስከረም መዋጮ እዳ ሆኖ ሰው ላይ ይታያል። ቅጣትም አብሮ የሚሰላ ከሆነ ጸሐፊዋና አባላቱ በበዓል ዋዜማ ይጨቃጨቃሉ።

እዚህ ላይ ኮዱን ከመነካካት በፊት ሄዶ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። እድሩ በጳጉሜን ይሰበስባል ወይ? የማይሰበስብ ከሆነ አንድ መስመር ይበቃል፦

ወሩ 13 ከሆነ፣ 12 አድርገህ ቁጠረው።

የሚሰበስብ ከሆነ ግን 12 የነበረው ማባዣ 13 ይሆናል። ይህን ማንም የኮዲንግ አስተማሪ አይነግራችሁም። ጸሐፊዋ ናት የምትነግራችሁ። ስትጠይቋት ሌሎች ሕጎችም ይወጣሉ። በጥር የገባ አዲስ አባል ከመስከረም ጀምሮ ያለውን ይከፍላል ወይስ ከጥር ብቻ? ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ የዚያን ወር ይማራል? ሁለት ቤት ያለው ሰው ሁለት ይከፍላል? እነዚህ ሕጎች መዝገቡ ላይ አልተጻፉም፤ ጸሐፊዋ ጭንቅላት ውስጥ ናቸው ያሉት። እነሱን አውጥቶ በግልጽ ቋንቋ ወረቀት ላይ ማስፈር የፕሮግራመር ሥራ ዋና ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ኮዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስለ ቀን መቁጠሪያው አንድ መልካም ዜና አለ። የኢትዮጵያን ዘመን ከፈረንጁ እየቀየራችሁ ራሳችሁ ማስላት የለባችሁም። ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ የእኛ የቀን አቆጣጠር ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል። ጳጉሜን 5 ቀን የምትሆንበትንና 6 የምትሆንበትን ራሱ ያውቃል። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ 6 ናት፤ 2015 ላይ እንደነበረው። ግን ተጠንቀቁ። ይህ ካላንደር ወራትን የሚቆጥረው ከዜሮ ጀምሮ ነው። መስከረም 0 ናት፣ ነሐሴ 11፣ ጳጉሜን 12። 1 ሳትደምሩ ከላይ ያለውን ስሌት ብታስገቡት ጳጉሜን ነሐሴ ትመስላችኋለች።

ኃይሉን ፈልጎ ማጣት

ሌላ የእኛ ብቻ የሆነ ጉዳይ አለ። ጸሐፊዋ መፈለጊያው ላይ «ሀይሉ» ብላ ጻፈች። አፑ የለም አላት። አባሉ የተመዘገበው «ኃይሉ» ተብሎ ነው።

ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው። ለስልኩ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር አለው። የግዕዝ ፊደል የዓለም የፊደላት መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲካተት ለሀ 4608፣ ለሐ 4624፣ ለኀ 4736 ተሰጥቷል። ስልኩ የሚያስተያየው እነዚህን ቁጥሮች ነው፤ ድምፁን አይሰማም። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ ናቸው።

መፍትሔው ለጀማሪ ጥሩ ልምምድ ነው። ጽሑፍ የሚቀበል አንድ ፈንክሽን ጻፉ። ሐ እና ኀን ከነዘሮቻቸው ወደ ሀ ቤት ይቀይር፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። ሀ እና ሃም ስም ላይ ስለሚለዋወጡ ወደ አንድ ይሂዱ። ፍለጋ ሲደረግ የተጻፈውንም የተመዘገበውንም በዚህ ፈንክሽን አሳልፋችሁ አስተያዩ። ስሙ ራሱ ግን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ተቀምጦ ይቆይ። የሰው ስም አይቀየርም።

ስለ እንግሊዝኛ

የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች የራሳቸው ቋሚ ቃላት እንግሊዝኛ ናቸው። በጣም ብዙ አይደሉም፤ ሲደጋገሙ እጅ ይለምዳቸዋል። ለቫሪያብሎችና ለፈንክሽኖች የምትሰጡት ስም ግን የእናንተ ነው። የአንድሮይድ አፕ በሚጻፍበት ቋንቋ በኮትሊን «መዋጮ» ወይም «የቀረበት_ወር» ብላችሁ በፊደል ብትጽፉ ይሠራል። በጃቫና በፓይተንም ይሠራል። በዳርት አይሠራም። ሥራ ቦታ ከሌሎች ጋር ስትጽፉ እንግሊዝኛ መጠቀማችሁ አይቀርም። በመማሪያው ጊዜ ግን ሐሳቡ እስኪገባችሁ በአማርኛ ስም መስጠት ምንም ነውር የለውም፤ እንዲያውም እመክረዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ዊንዶውስ ላይ ፕሮጀክቱ የሚቀመጥበትን ፎልደር በአማርኛ አትሰይሙት፤ አንድሮይድ ስቱዲዮ የሚባለው የአፕ መሥሪያ ላይ ችግር ያመጣል።

እውነቱን ለመናገር፣ እንግሊዝኛ የሚፈለገው ለማንበብ ነው። ኤረሩም ማብራሪያውም በእንግሊዝኛ ነው። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ተደጋጋሚ ስለሆኑ መዝገበ ቃላት ይዞ የሚያነብ ሰው ይለምዳቸዋል።

ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ ዳታ፣ መብራት

ከኪሳችን ጋር የሚያያዘው ጉዳይ ይህ ነው። የአንድሮይድ አፕ ዋና መሥሪያ የሆነው አንድሮይድ ስቱዲዮ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ይፈልጋል። ላፕቶፑ ላይ የውሸት ስልክ የሚያስነሳው ኢሙሌተር ሲጨመር 16 ይመከራል። ዲስኩ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ካልሆነ መጠበቁ ያሰለቻል። ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ከሆነ ከፕሮሰሰሩ ስም በፊት ስለ ራምና ስለ ኤስኤስዲ ጠይቁ።

ባለ 8 ጊጋ ላፕቶፕ ያለው ሰው ኢሙሌተሩን ይተወው። የራሱን ስልክ በኬብል ይሰካ። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስለ ስልኩ መረጃ የሚሰጠውን ክፍል ክፈቱ። «ቢልድ ነምበር» የሚለውን ሰባት ጊዜ ስትነኩት የዴቬሎፐር ምርጫዎች ይከፈታሉ። እዚያ ውስጥ «ዩኤስቢ ዲባጊንግ» የሚለውን አብሩ። አፑ በቀጥታ ስልካችሁ ላይ ይጫናል። ደግሞም ጸሐፊዋ የምትይዘው ስልክ ነው፤ በእውነተኛ ስልክ መሞከሩ ይሻላል።

ደካማ ላፕቶፕ ወይም የኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ብቻ ላለው ሰው ኤምአይቲ አፕ ኢንቬንተር አለ። ጉግል በ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮት በኋላ ለአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ለኤምአይቲ ያስረከበው ነጻ መሥሪያ ነው። በብሮውዘር ይከፈታል። ኮድ በጽሑፍ አይጻፍም፤ ባለ ቀለም ብሎኮች ይገጣጠማሉ። «የልጆች ነው» ብለው የሚንቁት አሉ፤ አልስማማም። ኢቨንት፣ ሊስት፣ ሁኔታ፣ ሉፕ ሁሉም አሉት። የጳጉሜንን ችግር እዚያም ታገኙታላችሁ፤ እዚያም ትፈቱታላችሁ።

ስልክ ብቻ ላለውስ? ሙሉ የአንድሮይድ አፕ በስልክ መሥራት አድካሚ ነው፤ ተስፋ ሰጥቼ ላሳስታችሁ አልፈልግም። መሠረቱን መማር ግን በደንብ ይቻላል። ፓይድሮይድ 3 የሚባል አፕ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ፓይተን ያስጽፋል። የእዳ ስሌቱን፣ የስም ፍለጋውን፣ የጳጉሜንን ሕግ ሁሉ በእሱ ጽፋችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ላፕቶፕ ስታገኙ የሚቀረው ስክሪኑን መሥራትና የምታውቁትን ሐሳብ በሌላ ቋንቋ መጻፍ ነው። መብራት በጠፋ ምሽትም የሚሠራው ይሄ ነው።

የዳታ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። አንድሮይድ ስቱዲዮ ሲወርድ ከ1 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ክፍሎች ያወርዳል። የመጀመሪያውን ፕሮጀክት ስትከፍቱ የአፑን ክፍሎች የሚገጣጥመው ግሬድል የሚባለው ፕሮግራም እንደገና ብዙ ያወርዳል። ይህን ሳያውቅ በሞባይል ካርድ የጀመረ ሰው ፓኬጁ መሐል ላይ ያልቅበታል። የመጀመሪያውን ቀን ዋይፋይ ያለበት ቦታ አሳልፉ። ባዶ ፕሮጀክት ከፍታችሁ ስልካችሁ ላይ እስኪጫን ድረስ አትነሱ። አንዴ ከተሳካ ግሬድልን ኦፍላይን አድርጋችሁ ቤት ውስጥ ያለ ዳታ መሥራት ትችላላችሁ፤ አዲስ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) እስክትጨምሩ ድረስ።

ቋንቋውስ?

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አልወስድም፤ ሰው ከሚገባው በላይ ይጨነቅበታል። አንድሮይድ ብቻ ከሆነ ሐሳባችሁ ኮትሊን ተማሩ። ጉግል በ2017 እ.ኤ.አ. ተቀብሎታል፣ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ቀዳሚ አድርጎታል። ለአይፎንም አብሮ እንዲሆን ካሰባችሁ ፍላተር የሚባል መሥሪያ አለ፤ ቋንቋው ዳርት ነው። ዌብሳይት መሥራትም ለሚፈልግ በጃቫስክሪፕት የሚሠራው ሪአክት ኔቲቭ ይመቸዋል። የአይፎን አፕ ገጣጥሞ ለማውጣት ማክ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፣ አፕል ደግሞ በዓመት 99 ዶላር ያስከፍላል። ስለዚህ ለጊዜው ተውት።

ትምህርቱ በነጻ አለ። ጉግል ኮድ ጽፎ ለማያውቅ ሰው ያዘጋጀው «አንድሮይድ ቤዚክስ ዊዝ ኮምፖዝ» የሚባል ኮርስ አለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራም ውስጥም የአንድሮይድ ትምህርት ይገኛል። ዩቲዩብ የምትጠቀሙ ከሆነ የቪዲዮውን ዓመት እዩ። ኮምፖዝ የሚባለው የስክሪን መሥሪያ ዘዴ የመጀመሪያ ሙሉ ስሪቱ የወጣው ሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ያሉ ቪዲዮዎች ስክሪኑን በሌላ ዘዴ ነው የሚሠሩት። ሁለቱን እያቀላቀሉ የሚማሩ ልጆች «አስተማሪው የሚያሳየው እኔ ጋ የለም» እያሉ ይጨነቃሉ።

«በአንድ ወር ዴቬሎፐር እናደርጋችኋለን» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ገንዘባችሁን ያዙ። በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ለሚያገኝ ሰው የእድሩ አፕ ብቻውን የወራት ሥራ ነው።

ቀዩ ጽሑፍ

ኤረር ሲመጣ ጀማሪ ይደነግጣል። ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ይሞላል። አብዛኛው ጀማሪ አያነበውም፤ ይዘጋዋል። እባካችሁ አንብቡት።

ኤረር ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ አፑ ከመገጣጠሙ በፊት የሚመጣ ነው፤ ቅንፍ ረስታችኋል፣ ስም ተሳስታችኋል። ፋይሉንና የመስመሩን ቁጥር ይነግራችኋል። ሌላው አፑ ተከፍቶ እየሠራ ድንገት ሲዘጋ ነው። አንድሮይድ ስቱዲዮ ውስጥ ሎግካት የሚባለው ቦታ ምክንያቱን ይጽፋል። ብዙ መስመር ይሆናል፤ እናንተ ግን ራሳችሁ የጻፋችሁት ፋይል ስም ያለበትን የመጀመሪያውን መስመር ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ያለው እዚያ ነው። ሦስተኛው ዝምተኛው ነው፤ የነሐሴና የጥቅምቱ ዓይነት። ማንም አይነግራችሁም። መልሱን አስቀድማችሁ በእጅ አስልታችሁ ካላስተያያችሁ አታገኙትም።

ቻትጂፒቲና ጀሚናይ እያሉ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ትሉ ይሆናል። ተጠቀሙባቸው። ኤረሩን ገልብጣችሁ «ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በአማርኛም ጠይቁ። ከአስተማሪዎች ሁሉ ትዕግሥተኛ ናቸው። ግን ገና መነሻ ላይ እያላችሁ ሙሉ ኮዱን አታስጽፏቸው። ዓመቱን 12 ወር አድርገው ቢጽፉላችሁ ስህተቱን የሚያየው ማን ነው? ጳጉሜን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ኮዱን ማንበብ ካልቻላችሁ ግን ማወቃችሁ አይጠቅምም።

መዝገቡ እንዳይጠፋ

አፑ ሠርቷል እንበል። አባላት ገብተዋል፣ ክፍያ ተመዝግቧል። ዘግታችሁ ስትከፍቱት ሁሉም ጠፍቷል። ይህ ሁሉንም ጀማሪ ይገጥመዋል። ቫሪያብልና ሊስት የሚኖሩት አፑ ክፍት እስከሆነ ድረስ ነው። አንዳንዴ ስልኩን ወደ ጎን ማዞር ብቻ ያጠፋቸዋል።

እንዲቆይ የሚፈለግ ነገር ስልኩ ማከማቻ ላይ መጻፍ አለበት። አንድሮይድ ስልክ ሁሉ ውስጥ ኤስኪውላይት የሚባል ትንሽ ዳታቤዝ አለ። በኮትሊን ስትሠሩ ሩም በሚባለው ላይብረሪ በኩል ትጠቀሙበታላችሁ። ሁለት ሰንጠረዥ ይበቃችኋል፤ አንዱ የአባላት፣ አንዱ የክፍያዎች። ክፍያን አባሉ ስም አጠገብ «ከፍሏል» ብላችሁ አትያዙት። እያንዳንዱ ክፍያ ከነቀኑ ራሱን የቻለ መስመር ይሁን። በኋላ «መቼ ነው የከፈልኩት?» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም።

ይህ መረጃ የሰው ስም፣ ስልክና ገንዘብ ነው። አፑ የማያስፈልገውን ፈቃድ አትጠይቁ። ኮንታክት ማንበብ፣ ካሜራ፣ አድራሻ ማወቅ ለእድር መዝገብ ምንም አያደርግም። ስልኩ ቢጠፋም መዝገቡ እንዳይጠፋ ዝርዝሩን ወደ ፋይል የሚያወጣ አንድ በተን ጨምሩ።

ለጸሐፊዋ ስትሰጡ

የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወራት የወረቀቱ መዝገብ ይቀጥል። በየወሩ መጨረሻ የአፑን ድምርና የመዝገቡን ድምር አስተያዩ። ካልገጠመ ያልነገረቻችሁ ሕግ አለ ማለት ነው። ስትጠቀም አጠገቧ ተቀምጣችሁ ዝም ብላችሁ እዩ። ጣቷ የት እንደሚሄድ፣ የትኛውን በተን እንደምታጣው ተመልከቱ። አታስረዷት። ማስረዳት ካስፈለገ ስክሪኑ ነው መስተካከል ያለበት።

አፑን ለእሷና ለኮሚቴው ለማድረስ ፕሌይ ስቶር አያስፈልግም። ኤፒኬ የሚባለውን የአፑን መጫኛ ፋይል በቴሌግራም ልካችሁ ስልኩ ላይ እንዲጫን መፍቀድ ይበቃል። ፕሌይ ስቶር ላይ ለመውጣት አንድ ጊዜ የሚከፈል 25 ዶላር አለ፤ ለዚያም ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ማግኘት ያስፈልጋል። በግል ስም አዲስ አካውንት የሚከፍት ሰው ደግሞ አስቀድሞ ቢያንስ 12 ሞካሪዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት አፑን እንዲሞክሩለት ይጠበቅበታል። ለእድር ኮሚቴ ይህ ሁሉ ገና ነው።

ኤፒኬ ስትልኩ ግን ስለ ፊርማ ቁልፉ እወቁ። አንድሮይድ እያንዳንዱን አፕ በሠሪው ቁልፍ ተፈርሞ ነው የሚቀበለው። ማሻሻያ ስትልኩ ያው ቁልፍ ካልሆነ አይጭነውም። ለልምምድ ስትሠሩ አንድሮይድ ስቱዲዮ ራሱ በፈጠረው የላፕቶፑ ቁልፍ ይፈርማል። ላፕቶፑ ፎርማት ከተደረገ ያ ቁልፍ ይጠፋል። ያኔ ጸሐፊዋ አሮጌውን አፕ አጥፍታ አዲሱን መጫን ትገደዳለች፤ አፑ ሲጠፋ የተመዘገበው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ለሌላ ሰው ከመላካችሁ በፊት የራሳችሁን ቁልፍ ፍጠሩ። ፋይሉን አንድ ፍላሽ ላይ፣ አንድ ደግሞ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ። የይለፍ ቃሉን ከፋይሉ ጋር አንድ ላይ አታድርጉት፤ ደብተር ላይ ጻፉት።